በጋሽ ሞላ ባምባ ውስጥ የገባው አውሬ

ተረት ጡንቻ ካወጣ ሰነበተ። እናንተም ሳታስተውሉት አልቀራችሁም። እኛ ልጆች ሳለን በተረት ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት አቅመ ደካሞች ነበሩ። ጦጣ በብልሃቷ፣ ፍየል በጥንቃቄዋ፣ ድሀ በምላሱ ከጉልበተኛ መዳፍ ሲያመልጡ እየሰማን ነው ያደግነው፤ ይህም ለእኛ ለአጥንታሞቹ ልጆች ትልቅ መጽናኛ ነበር። ዛሬ ግን ፈረንጅ ያንኑ ተረት ለፊልም ሲወስደው መጀመሪያ ስፖርት ያሠራዋል። እንጀራ እናት የምታንገላታት ምስኪን ልጅ በሁለት እጇ ሰይፍ ይዛ ከጣሪያ ጣሪያ ትዘላለች። እንጨት ለቃሚው ሽማግሌ ሃያ ወታደር በአንድ ፍልጥ ያጋድማል። ድሮ ምክር ትሰጥ የነበረችው አሮጊት ፈንጂ ትቀምማለች። ምክር ድሮ ቀረ።

እየወቀስሁ አይደለም፤ እንጀራዬ ነውና አፌን ሰብሰብ አደርጋለሁ። እኔ ገንዳ ውሃ በምትባል የበረሃ ከተማ በአንድ ቪዲዮ ቤት ፊልም ተርጓሚ ነኝ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ማይክ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሰዎቹ መናገር ሲጀምሩ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጌ በአማርኛ እናገርላቸዋለሁ፣ መደባደብ ሲጀምሩ ድምፁን ከፍ አድርጌ ውሃ እጠጣለሁ። የተረት ፊልም የምወደው ለዚህ ነው፤ ከሌላው ይልቅ ውሃ ያስጠጣል። እንግሊዝኛዬን የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከእኔው ጋር ትምህርት ያቋረጠ እንግሊዝኛ ነው። የሚገባኝን እተረጉማለሁ፣ የማይገባኝን እፈጥራለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

አንድ ብልሃት ግን ነበረኝ። ሰው በማያውቀው አገር በሚሆነው ነገር እምብዛም አይደነግጥም፤ ስለዚህ የፊልሙን አገር ወደ እኛ በረሃ አመጣዋለሁ። ንጉሡ ዙፋኑን ጥሎ ሲሸሽ «ወደ ሳንጃ መስመር ተፈተለከ» እላለሁ። ሠራዊቱ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ሲያቋርጥ «አብርሃ ጅራ ለመድረስ ትንሽ ቀራቸው» እላለሁ። ያን ጊዜ ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣው ተመልካቼ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለው ሁሉ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ይስባል። ሠራዊቱ ምን ዓይነት ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ከንጉሡ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ነገሩ የሆነው የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። የእኛ አገር ሰሊጥ በዓል አያውቅም፤ ከደረሰ ደረሰ ነው። ፍሬው ደርቆ አፉን ከከፈተ ነፋስ በነካው ቁጥር መሬት ላይ ይረግፋል፣ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ የጉንዳን ነው። አጫጁ ግን በዓል ያውቃል። በሚካኤል ማጭድ የሚያነሳ ክርስቲያን የለም፤ እስላሙም ብቻውን ማጨዱ ስለሚሰለቸው ሁሉም ተያይዞ ከተማ ይገባል። ከተማ የገባ ሰው መጨረሻው እኛ ቤት ነው።

የዕለቱ ፊልም የምናውቀው ተረት ነበር። እናት ፍየል ልጆቿን «የእኔን ድምፅ ካልሰማችሁ በር እንዳትከፍቱ» ብላ ትወጣለች፤ ጅብ ድምጿን አስመስሎ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ፍየሊቱን የቆዳ ሱሪ የለበሰች ጦረኛ አድርገዋታል። ጅቡ ደግሞ አይሱዙ የሚያክል፣ ጀርባው ላይ እሾህ የበቀለበት አውሬ ሆኗል። ድምፅ ለማስመሰል ጉሮሮውን ሲያለማምድ መዋል አላስፈለገውም፤ በሩን በግንባሩ ያፈርሰዋል። እኔ ብዙ ውሃ ጠጣሁ።

በፊልሙ እኩሌታ አውሬው ከመኖሪያው ብቅ አለ። መኖሪያው የዛፍ ግንድ ውስጥ ነው፤ ወገበ ሰፊ፣ ቅርንጫፈ አጭር፣ ሆዱ የተቦረቦረ ዛፍ። እምላለሁ፣ በጋሽ ሞላ እርሻ መካከል ያለችውን ባምባ ቁርጥ። የጋሽ ሞላን ባምባ የማያውቅ አጫጅ የለም፤ ሦስት ሰው ተያይዞ ግንዷን አያቅፋትም፣ ውስጧ ባዶ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ለምሳ የሚጠለሉት በሷ ሥር ነው። ምላሴ ከእኔ ቀደመች። «ይኼ አውሬ የሚያድረው በጋሽ ሞላ ባምባ ውስጥ ነው» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሳቁ ሞቅ ሲያደርገኝ ጊዜ ጨመርሁበት። «የሚወጣውም አጫጅ ሲሸተው ነው፤ ጥይት አይበሳውም» አልሁ። በፊልሙ ውስጥ ጠመንጃ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።

በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አልሳቁም። ደክሟቸው ተኝተው ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ለካ በማግስቱ የጋሽ ሞላን ሰሊጥ ማጨድ ሊጀምሩ የተዋዋሉት እነሱ ነበሩ።

መጨረሻ ላይ ጦረኛዋ አውሬውን ገደል ሰደደችው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ስክሪኑ ጨለመ። ሰው ሊነሣ ሲል፣ እዚያ ገደል ሥር፣ ከድንጋይ ክምር መካከል፣ አንድ ቢጫ ዓይን ተገለጠ። ይህ እንግዲህ ለክፍል ሁለት የተቀመጠ ቀብድ ነው። የዛሬ ፊልም አውሬውን አይጨርሰውም፤ ለከርሞ ዘር ያስቀርለታል። እኔም ደንቡን ስለማውቅ «አውሬው አልሞተም» ብዬ ማይኩን ዘጋሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ሞላ ራሳቸው ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ሞላን ላስተዋውቃችሁ። ከአርማጭሆ ገና በወጣትነታቸው ወርደው እዚሁ የሸበቱ፣ ከሱሪያቸው በላይ ነጭ ጀላቢያ የሚለብሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። እኔ ራሴ ወደዚህ በረሃ የመጣሁት ለአጨዳ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጥሎኝ ከነማጭዴ መንገድ ዳር ስንቀጠቀጥ ያገኙኝ፣ በሥራ ላይ የነበረውን ትራክተር አስቁመው ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሠራተኛቸው እንኳን አልነበርሁም። እንግዲህ አውሬ የላክሁት ወደኚህ ሰው እርሻ ነው።

«ልጀ፣ ያን አውሬህን ከባምባየ አውጣልኝ» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«አጫጆቹ እርሻው አፋፍ ድረስ መጡና ባምባይቱን ሲያዩ ጓዛቸውን መንገድ ዳር አወረዱ። ይኸው ቁጭ ብለዋል። ሰሊጡ አፉን መክፈት ጀምሯል። ካቻምና ዝናብ ወሰደው፤ አምና አጫጅ አጥቸ ግማሹ እቆመበት ረገፈ። ዘንድሮም ከሄደ መሬቱን ለቅቄ ሳንጃ ወንድሜ ቤት ነው የምገባው። በእርጅናየ የሰው ቤት ጥገኛ ልሆን ነው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ቃሌን ተከትዬ የት ድረስ ልሮጥ እንደምችልም አላወቅሁም።

በትራክተራቸው ተሳፍሬ ሄድሁ። ሠላሳው ሰው በአንዲት ግራር ሥር ተኮልኩሏል፤ ማጭዱ ተስሎ፣ ሥራው ተዘርግቶ፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው ይርሳው፣ ከዳሞት የመጣ ደረቱ ሰፊ ጎልማሳ ነው። ፊልሙ ቀልድ እንደነበር፣ የአገሩንም ስም እኔ እንደፈጠርሁት አስረዳሁት።

«እኔማ መች አጣሁት» አለ ይርሳው። «ፊልም ፊልም ነው። ልጆቹ ናቸው የፈሩት።»

ልጆቹ የተባሉትን፣ ባለጢም ሰዎች፣ ጠየቅሁ። «እኛ ምን ያስፈራናል? ካቦው እንጅ» አሉ። ሰይድ የሚባል ቀጭን የወሎ ሰው ብቻ እውነቱን ተናገረ። «ወላሂ አላምንበትም። ግን ትላንት ውሃ ልቀዳ ሳልፍ ባምባይቱ ስትተነፍስ ሰማኋት።»

እስቲ ፍረዱ። እነዚህ ሰዎች ጧት ጧት ከጫማቸው እባብ አራግፈው ነው የሚነሡት። ወባውንም፣ ዛፍ የሚያደርቀውንም ሙቀት ለምደውታል። የሚገድለውን ነገር ሁሉ ንቀው፣ የሌለውን ነገር ፈሩ። ሁሉም አላምንም ይላል፤ የሚቀድም ግን የለም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባምባይቱን ከሩቅ ሳያት ያን ጊዜ የተናገርሁት ትዝ አለኝና ወደ ትራክተሩ ጠጋ አልሁ።

እኔ ከመድረሴ በፊት ጋሽ ሞላ ያልሞከሩት አልነበረም። ጸበል አስመጥተው ዛፏን ዙሪያዋን አስረጭተዋል፤ አጫጆቹ «ጸበል ለሰይጣን ነው፣ ይኼኛው ሥጋ ለባሽ ነው» አሏቸው። አንድ ሚሊሻ ለምነው በቀዳዳው ጥይት እንዲተኩስ አድርገዋል፤ «ጥይት አይበሳውም ተብሏል» አሏቸው። ማን እንዳለው ታውቃላችሁ።

እኔም የራሴን ብልሃት ይዤ ቀረብሁ። ፊልሙን እንደገና ላሳያቸውና በሁለተኛው ትርጉም አውሬውን ከባምባይቱ ላስወጣው አሰብሁ። ጋሽ ሞላ በዚያው ትራክተር ተሳቢ ላይ ቴሌቪዥንና ጀኔሬተር አስመጡ፣ ፀሐይ እንዳይገባ ሸራ ተዘረጋበት፣ ሠላሳው ሰው ከበበኝ። የአውሬውን አገር ባሕር ማዶ አደረግሁት፤ ባምባይቱን «እኛ አገር የሌለች ዛፍ» አልኋት። ሁሉም ዞሮ የጋሽ ሞላን ባምባ አያት። ጦረኛዋ ገደል ስትሰደው «ሞተ፣ ነፍሱ ወጣች፣ ቀበሩት» እያልሁ ፊልሙን ቶሎ ለመዝጋት እጄን ሰደድሁ። ይርሳው እጄን ያዘኝ።

«ዓይኑስ?» አለ።

ዓይኑ ተገለጠ። እንደዚያ ዓይን የጠላሁት ነገር የለም። ሠላሳ ሰው በአንድነት ተነፈሰና ፊቱን ወደ ጓዙ መለሰ፤ አንዳንዱም አብርሃ ጅራ ሌላ ሥራ አይጠፋም እያለ ከረጢቱን ማሰር ጀመረ። ጋሽ ሞላ አጎንብሰው ከዳር አንዲት የሰሊጥ ዘንግ ነቀሉና በመዳፋቸው ላይ ነካ ነካ አደረጓት። ነጩ ፍሬ ተንጠባጥቦ መሬት ወረደ። ዘንጓን ደግፈው፣ የታመመ ሰው እንደሚያስተኛ፣ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጧት።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ፊልም መዝጊያ የለውም። ድሮ ተረት የሚነግሩን ሰዎች ጅብን የሚያህል ነገር ቤት ውስጥ አስገብተው፣ አስፈራርተውን ሲያበቁ፣ በሩን ሳይቆልፉ አንድ ቀን እንኳ አላስተኙንም። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ጀኔሬተሩ ዝም ሲል በረሃው ሁሉ ዝም አለ።

«ተረት ተረት» አልሁ።

ለአፍታ ተያዩ። ከዚያ ሠላሳ ጎልማሳ፣ ከነማጭዱ፣ «የላም በረት» አለ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አፋቸው ከልጅነት የለመደው ነው።

«ተረት በቀን አይወራም እኮ» አለ ይርሳው፣ ከመለሰ በኋላ።

«ሰሊጡ እስኪመሽ አይጠብቅም» አሉ ጋሽ ሞላ። «ልጀ፣ አንተ ቀጥል።»

ቀጠልሁ። ፍየሊቱን ሱሪዋን አስወለቅኋትና ወደ ፍየልነቷ መለስኋት፤ ጅቡንም ከአይሱዙነት አውርጄ የተራበ ጅብ አደረግሁት። ፍየሊት ልጆቿን ደብቃ፣ ሆዷ ባዶ በሆነ አንዲት ዛፍ ውስጥ ያገኘችውን አጥንትና ቆዳ ሁሉ አጠራቀመች። አያ ጅቦ ሽታው ጠራው። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት፤ እሱ ግን በረሃብ ከስቷልና እየተሳበ ገባ። በላ። ሁለት ቀን በላ። ሊወጣ ቢል ሆዱ አላሳልፈው አለ። «እመት ፍየል፣ ቀዳዳውን ለምን አጠበብሽው?» ቢላት፣ «አያ ጅቦ፣ ቀዳዳው ያው ነው፤ እርስዎ ነዎት የሰፉት» አለችው። ሰይድ ሳቀ። አንድ ሰው መሳቁ በቃኝ። «እንደ ጠገበ እዚያው ሞተ፤ ዐፅሙን ምስጥ በላው፤ ምስጡም ወደ መሬቱ ገባ። ፍየሊትና ልጆቿ በሰላም ኖሩ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ ጨረስሁ።

ድሮ ይህን የምንለው እንዲሁ ለወጉ ነበር፤ በዳቦ አፉ የታበሰለት ተራች እኔ አላየሁም። ሰይድ ግን ተነሣ። ከነጠላው ጫፍ የቋጠራትን ደረቅ ዳቦ ፈታ፣ ቆረሰ፣ መጣና አፌን በሷ አብሶ አጎረሰኝ። ዳቦዋ ከደረቅነቷ የተነሣ ከንፈሬን ፋቀችኝ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን ትዝ አይለኝም። ስውጥ ሁሉም እያየኝ ነበር። ተረቱ ተመለሰ። ተዘጋ።

ይርሳው ባምባይቱን አተኩሮ አያት። «ቆይ፣ አይሱዙ የሚያህል አውሬ በዚች ቀዳዳ እንዴት ብሎ ይገባል?» አለ። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር።

ተያይዘን ሄድን። ይርሳው ቀድሞ ግንዷን በማጭዱ ጀርባ ሁለት ጊዜ ቆረቆረ። ከውስጥ አንዲት ጉጉት ፈርጥጣ በራሳችን ላይ በረረች። ስለ መሸሻችን ብዙ አልናገርም። ሠላሳ ሰው ሠላሳ አቅጣጫ አገኘ፤ ከሁሉም ርቄ የተገኘሁት እኔ እንደሆንሁ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከባምባይቱ ሥር ያልተነቃነቁት ጋሽ ሞላ ብቻ ነበሩ። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ሲቆይ ሰይድ «ይችው ናት የምትተነፍሰው» እያለ ተመለሰ፣ ሌላውም ተከተለ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የማጭድ ድምፅ ተሰማ።

በአምስት ቀን አለቀ። እኛ ሒላ የምንለው፣ ታስሮ እንዲደርቅ ራስ ለራስ ተደጋግፎ የሚቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሞላ። ከዳሩ ትንሽ ረግፏል፤ ሌላው ተርፏል። ጋሽ ሞላ በሒላው መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ በእጃቸው ነካ ነካ ሲያደርጉት አየኋቸው። «ዘንድሮ ሳንጃ ለጥየቃ እንጅ ለመኖር አልሄድም» አሉኝ። እኔም ከሚካኤል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አልሁ። እፎይታ ምን እንደሚመስል አሁን ብትጠይቁኝ ያን ሒላ ነው የማሳያችሁ።

ከዚያስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ይርሳው አውሬውን በማጭድ ጀርባ እንዴት እንዳባረረው በየሻይ ቤቱ ሲያወራ ሰነበተ። የጋሽ ሞላ እርሻም ዝና አገኘ። ሌላው እርሻ ምን እንዳለበት አይታወቅም፤ እዚህ ግን የነበረው ሞቷል፣ ምስጥ በልቶታል። ሰው ተሻምቶ እየመጣ «ጋሸ፣ ለከርሞ እኛን ይውሰዱን» ይላቸዋል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን፣ ስሙን የማልነግራችሁ አንድ ባለእርሻ ወደ ጓዳ ጠራኝና ዙሪያውን ካየ በኋላ «አንተ፣ ያን አውሬ ለትንሽ ቀን ከጎረቤቴ እርሻ ብታስገባልኝ ምን ይመስልሃል? አጫጅ ሁሉ እዚያ እየሄደብኝ ተቸገርሁ» አለኝ። አስቡት፤ እኔ ለሳቅ ያመጣሁት አውሬ ሥራ ሊቀጠር ነው። እምቢ አልሁ። አውሬ ማስገባቱን ነው እንጂ ማስወጣቱን የሚያውቀው የለም።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ሁለት በፍላሽ መጣ። ዓይኑ ተገልጦ የቀረው አውሬ አሁን ክንፍ አውጥቷል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከፊት ረድፍ ይርሳው፣ ከጎኑ ሰይድ። ጋሽ ሞላም ሰሊጣቸውን አስወቅተው ስለነበር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ሊያዩ መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የሁሉም ዓይን ማይኩ ላይ ነው፤ አውሬው አሁን ደግሞ የማን እርሻ እንደሚገባ ለመስማት። በርጩማዬ ላይ ተመቻችቼ፣ የድሮ ተራቾች ስለምን የአገር ስም አይጠሩም እያልሁ አሰብሁ። ለውበት ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱም ጎረቤት ነበራቸው፤ ጎረቤታቸውም እርሻ ነበረው።

«ከዕለታት አንድ ቀን» ብዬ ጀመርሁ፣ «በአንድ ሩቅ አገር…»

«የት አገር?» አለ አንዱ ከኋላ።

ወደ ጋሽ ሞላ አየሁ።

«ሰሊጥ የማይበቅልበት አገር» አልሁ።